ቀላል ሃርድቴይል የተራራ ብስክሌት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ክሮስ ካንትሪ ብስክሌት የሚነሱ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሚዛን ይጀምራሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ግን ቶሎ ቶሎ ወደ ጎማው፣ ወደ ልኩና ወደ አነዳዱ ይመለሳሉ። ግራም መቀነስ የሚጠቅመው እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ ነው።

ሃርድቴይል ከሌላው የተራራ ብስክሌት በምን ይለያል?

ከፊት አሞርቲዛተር አለው፤ ከኋላ የለውም። የኋላው ጎማ በቀጥታ ፍሬሙ ላይ ስለታሰረ ድንጋይ ሲመታ ንዝረቱ በኮርቻው በኩል ጀርባዎ ድረስ ይመጣል። በአንፃሩ ፔዳሉ ላይ ያሳረፉት ጉልበት የኋላ አሞርቲዛተር ሲያነሳና ሲጥል አይባክንም።

ክሮስ ካንትሪ የሚባለው ዘርፍ ዳገት፣ ቁልቁለትና ሜዳ የተቀላቀለበትን መንገድ በፍጥነት ለመጨረስ የተሠራ ነው። ስለዚህ የፊት አሞርቲዛተሩ የሚሰምጠው ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዛሬ የሚሠሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ባለ 29 ኢንች ጎማ ናቸው፤ በትንንሽ ፍሬሞች ላይ 27.5 ያጋጥማል። 26 ኢንች ካዩ ብስክሌቱ የቆየ ነው።

ስንት ኪሎ ሲመዝን ነው «ቀላል» የሚባለው?

ጥሩ የካርቦን ክሮስ ካንትሪ ሃርድቴይል ከ9 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል፤ የአሉሚኒየሙ ከ11 እስከ 13። ለውድድር ዕቃው አንድ በአንድ የተመረጠለት ከ9 በታች ይወርዳል። ፋብሪካ የሚጽፈው ክብደት ግን ብዙ ጊዜ ያለ ፔዳል የተመዘነ ነው። ፔዳሉ፣ የውሃ ጠርሙሱ፣ ውሃው፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያውና ፓምፑ ሲጨመሩ በወረቀት 10 ኪሎ የነበረው ወደ 12 ይጠጋል።

አንድ ኪሎ መቀነስ የሚታወቅ ለውጥ ያመጣል?

እናስላው። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ አንድ ኪሎ ማለት 1.25 ከመቶ ነው። በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ጉልበትዎ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያልቀው ክብደትን ወደ ላይ በማንሳት ስለሆነ፣ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዳገት ላይ የሚያተርፉት 45 ሰከንድ ገደማ ነው። ለተወዳዳሪ 45 ሰከንድ ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ለሚወጣ ሰው ግን ቆሞ ፎቶ ከሚያነሳበት ጊዜ ያንሳል።

ስለሚሽከረከር ክብደት የሚወራውም በልኩ ቢያዝ ጥሩ ነው። ቸርኬና ጎማ ላይ ያለ ግራም ፍጥነት ሲጨምሩ ፍሬም ላይ ካለው እጥፍ ያህል ይከብዳል። ዳገቱን በአንድ ወጥ ፍጥነት ሲወጡ ግን ግራም ያው ግራም ነው። ከቀላል ቸርኬ የሚገኘው ደስታ ከእያንዳንዱ ጠባብ ኩርባ ሲወጡ ብስክሌቱ ቶሎ መነሳቱ ላይ ነው፤ እሱ በእርግጥ ይታወቃል።

ገንዘብ የሚያወጡበትን ቅደም ተከተል ለጠየቀኝ የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ልክን የሚያስተካክሉ ዕቃዎች (ኮርቻ፣ የመሪ አንገት፣ የመሪ መያዣ)፣ ከዚያ ቸርኬ። የካርቦን ጠርሙስ መያዣና የቲታኒየም ብሎን ከሁሉ በኋላ ይምጡ፤ ባይመጡም ምንም አይጎድልም።

ካርቦን ወይስ አሉሚኒየም?

አቅም ካለ ጥሩ ካርቦን፤ ከሌለ ደግሞ ከርካሽ ካርቦን ጥሩ አሉሚኒየም ይሻላል። ፍሬሙ ብቻ ሲመዘን የካርቦኑ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል፤ የአሉሚኒየሙ ከ1.5 ያልፋል። በእኩል ዋጋ ከሚሸጡ ሁለት ብስክሌቶች ግን የካርቦኑ ላይ ብዙ ጊዜ ከባድ ቸርኬና ደከም ያለ አሞርቲዛተር ያገኛሉ፤ ገንዘቡ ፍሬሙ ላይ አልቋልና።

ካርቦን ይሰበራል የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። ሲነዱ ለሚያርፍበት ጫና እጅግ ጠንካራ ነው። ሹል ድንጋይ በጎን ሲመታው ወይም ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅበት ግን ይጎዳል፤ ጉዳቱም እንደ አሉሚኒየም በመጉበጥ አይታወቅም። ከከባድ ውድቀት በኋላ ፍሬሙን አጥበው ብርሃን ላይ ይመርምሩት። ቀለሙ ላይ ስንጥቅ ካዩ ዙሪያውን በሳንቲም ጠርዝ ቀስ እያሉ ያንኳኩ፤ ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተጎዳው ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ ከተለወጠ ባለሙያ ሳያየው አይንዱት። ድምፁ ባይለወጥም ስንጥቁ ካሳሰብዎት ያሳዩት፤ ጆሮ ሁሉንም አይሰማም።

ፉል ሰስፔንሽን (ከፊትም ከኋላም አሞርቲዛተር ያለው) ብገዛ አይሻልም?

የኦሎምፒክን ታሪክ ያየ «አዎ» ሊል ይችላል። የተራራ ብስክሌት ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ነው። በ2012 ለንደን ላይ የቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ በፉል ሰስፔንሽን፣ የስዊዘርላንዱ ኒኖ ሹርተር በሃርድቴይል እስከ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ተናንቀው ወርቁ የኩልሃቪ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ ሹርተር ወርቁን ሲወስድ የነዳው ፉል ሰስፔንሽን ነበር። እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክም ለሁለት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ያሸነፈው እንዲሁ ነው። የውድድር መስመሮቹ በየጊዜው ድንጋያቸው እየበዛ፣ ዝላያቸው እየረዘመ ስለመጣ ምርጫው ተለውጧል።

የእርስዎ መንገድ ግን የኦሎምፒክ መስመር ላይሆን ይችላል። ጠጠርና ኮረኮንች፣ ረጅም ዳገት፣ የጠነከረ የእግር መንገድ ከሆነ ሃርድቴይል በእኩል ዋጋ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ይቀልላል፤ የኋላ አሞርቲዛተር ሰርቪስ የለበትም፤ የሚያረጁ የመጋጠሚያ ኩሽኔታዎችም የሉትም። ጭቃ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው፣ ወይም መንገዱ በዛፍ ሥርና በድንጋይ የተሞላበት፣ ፉል ሰስፔንሽኑን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ልኬን እንዴት አውቃለሁ?

በቁመት ሰንጠረዥ ይጀምሩ፤ ግን እዚያ አይቁሙ። ሁለት ልክ መሃል ላይ ከወደቁ «ሪች» የሚባለውን ቁጥር ያወዳድሩ። ፔዳል ላይ ቆመው ሲነዱ ከእግርዎ እስከ መሪው ያለውን ስፋት የሚወስነው እሱ ነው።

ለኮርቻ ከፍታ መነሻ የሚሆን ቀላል ስሌት አለ። ያለ ጫማ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ከወለል እስከ ብሽሽትዎ ያለውን ይለኩና በ0.88 ያባዙት። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.4 ይመጣል፤ ይህ ከፔዳሉ ማዞሪያ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ለተራራ ብዙ ሰው ከዚህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርጋል። ጉልበትዎን ከፊት በኩል ካመመዎት ኮርቻው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ በኩል ካመመዎት ከፍ ብሎ።

ጎማው ውስጥ ስንት ንፋስ ልሙላ?

ብዙ አዲስ ነጂ የሚሞላው ከሚገባው በላይ ነው። ሃርድቴይል ላይ ደግሞ የኋላው ጎማ ብቸኛው የኋላ አሞርቲዛተርዎ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። ጠንክሮ የተነፋ ጎማ አስፋልት ላይ ፈጣን ነው፤ ኮረኮንች ላይ ግን በእያንዳንዷ ጠጠር ብስክሌቱንም እርስዎንም ወደ ላይ ያነሳል፤ ያ ሁሉ መነሳት ወደ ፊት ሊወስድዎት ይገባ ከነበረ ጉልበት ላይ የተቀነሰ ነው። ላላ ያለው ጎማ ጠጠሯን ውጦ ያልፋል።

ለመነሻ ያህል፦ 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው፣ 2.25 ወይም 2.35 ኢንች ስፋት ያለው ቲዩብለስ (ካላማዳሪያ የሌለው) ጎማ ላይ፣ ፊት ከ18 እስከ 20፣ ኋላ ከ20 እስከ 23 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይሞክር። በባር ከ1.2 እስከ 1.6 ይሆናል። ከባድ ሰው ይጨምር፤ ቀላል ሰው ይቀንስ። ካላማዳሪያ ያለበት ጎማ ላይ ደግሞ አራት አምስት ፒኤስአይ ይጨመር፤ አለዚያ ካላማዳሪያው በድንጋይና በቸርኬ መሃል ተጨፍልቆ እባብ የነከሰው የሚመስል ሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳ ያወጣል።

የራስዎን ቁጥር የሚያገኙት በመሞከር ነው። ድንጋይም ኩርባም ያለበት አጭር መንገድ ይምረጡ፤ በላይኛው ቁጥር አንዴ ይንዱት፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎማ አንድ ፒኤስአይ አስተንፍሰው ይመለሱበት። መጀመሪያ እጅዎ ላይ ያለው ንዝረት ሲቀንስ ይሰማዎታል፤ ቀጥሎ ኩርባ ላይ ጎማው መሬቱን ሲነክስ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት መጥፎ ምልክት ይመጣል፦ ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ የሚሰማ «ኳ» የሚል ድምፅ፣ ወይም ፈጥነው ሲታጠፉ ጎማው ከሥር የሚንሸራተት የሚመስል መዋዠቅ። ከዚያ ሁለት ፒኤስአይ ይመልሱ፤ ያ ነው የእርስዎ። የሚለኩበት መሣሪያ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ሁለት መለኪያዎች እምብዛም አይስማሙም። ጎማውና ቸርኬው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ግን በፍጹም አይለፉ።

ቲዩብለስ ማድረግ ያዋጣል?

ያዋጣል። ከክብደት ይልቅ ጥቅሙ ዝቅተኛ ንፋስ መቻሉና እሾህ ሲወጋው ራሱን መድፈኑ ነው። ለባለ 29 ጎማ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር የሚደፍን ፈሳሽ ይበቃዋል። ሰዎች የሚረሱት ፈሳሹ መድረቁን ነው፤ በሙቀትና በደረቅ አየር ሁለት ወር፣ በቀዝቃዛ ቦታ እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ጎማውን ሲነቀንቁት የፈሳሽ ድምፅ ካልሰሙ ይጨምሩበት።

የፊት አሞርቲዛተሩን እንዴት ላስተካክል?

የራሱ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ያስፈልጋል፤ የጎማው ፓምፕ አይሆንም። አሞርቲዛተሩ እንዳይሰምጥ የሚይዘውን መቆለፊያ ከፍተው፣ የሚለብሱትን ሁሉ ለብሰው፣ ፔዳል ላይ ቆመው ዝም ሲሉ አሞርቲዛተሩ ከሙሉ ስምጠቱ ከ15 እስከ 20 ከመቶ መስመጥ አለበት፤ በባለ 100 ሚሊ ሜትሩ ላይ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቱቦው ላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ይህን ታሳይዎታለች። ከአንድ አስቸጋሪ ቁልቁለት በኋላም ያችኑ ቀለበት ይዩ፦ መጨረሻው ድረስ ደጋግማ ከደረሰች ንፋስ ይጨምሩ፤ አንድም ቀን ካልቀረበች ይቀንሱ።

የመመለሻ ፍጥነቱን ደግሞ መሪውን ተጭነው ሲለቁ ጎማው ከመሬት እንዳይዘል፣ ግን ተኝቶም እንዳይቀር አድርገው ያስተካክሉት። ዳገት ላይ መቆለፍ ደስ ይላል። ቁልቁለቱ ሲጀምር መክፈት ግን አይርሱ።

ከፊት አንድ ባለ ጥርስ ማርሽ ብቻ መሆኑ አያንስም?

አያንስም። ከፊት 32 ጥርስ፣ ከኋላ ከ10 እስከ 51 ያለው ባለ 12 ማርሽ ብስክሌት በቀላሉ ማርሽ በአንድ የፔዳል ዙር 1.4 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በከባዱ ከ7 ሜትር በላይ። በደቂቃ 90 ጊዜ ቢያዞሩ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ መፍጠን የሚፈልግ አስፋልት ላይ ያለ ሰው ነው። ዳገት ላይ የሚንገታገት ደግሞ የፊቱን ወደ 30 ይቀይር።

ዳገት ላይ አንዴ የኋላው ጎማ ይሽከረከራል፣ አንዴ የፊቱ ይነሳል። ምን ላድርግ?

ሁለቱም የክብደት አቀማመጥ ጉዳይ ነው። ከኮርቻው ሲነሱ የኋላው ጎማ ጫናው ይቀንስበትና ልቅ ጠጠር ላይ ይሽከረከራል። ወደ ኋላ ሲቀመጡ ደግሞ ፊቱ ይቀልና መሪው አልታዘዝም ይላል። መፍትሔው መሃል ላይ ነው፦ ተቀምጠው ወደ ኮርቻው አፍንጫ ይንሸራተቱ፤ ደረትዎን ወደ መሪው ያውርዱ፤ ክርንዎን ወደ ታች ያጥፉ። መሪውን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ራስዎና ወደ ታች ይሳቡ።

ማርሹን ደግሞ ዳገቱ ሳይጀምር ይቀይሩ። ሙሉ ጉልበት ፔዳል ላይ እያለ መቀየር ካቴናን በአጭር ይቀጫል። ሃርድቴይል በዚህ ረገድ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ የፔዳል አዟዟርዎ ምን ያህል እንደሚቆራረጥ የኋላው ጎማ ወዲያው ይናገራል።

ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱ ይዘላል፤ እፈራለሁ።

ተቀምጠው ስለሚወርዱ ነው። ከኮርቻው ይነሱ፤ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ ተረከዝዎን ዝቅ፣ ጉልበትዎንና ክርንዎን ለቀቅ፣ ዓይንዎን አሥር ሜትር ፊት። ብስክሌቱ ከሥርዎ ይረበሽ፤ እርስዎ ጸጥ ይበሉ። መሪውን አንቆ የያዘ ሰው ንዝረቱን ሁሉ ትከሻው ላይ ይቀበላል።

ፍሬን በአንድ ጣት ይያዙ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ። ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የፊት ፍሬን ይገለብጣል ብሎ የኋላውን ብቻ የሚይዝ ሰው ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተትበታል፤ መቆሚያውም ይረዝማል። የሚገለብጠው ክብደትን ወደ ፊት ጥሎ በድንገት መያዝ ነው። ከኩርባው በፊት ቀጥ ባለው ላይ ፍጥነትዎን ይጨርሱ፤ ኩርባው ውስጥ ፍሬኑን ለቀቅ ያድርጉ።

በመያዣ የሚወርድና የሚወጣ የኮርቻ ምሰሶ፣ ድሮፐር የሚባለው፣ ከተራው በብዙ መቶ ግራም ይከብዳል። እኔ ግን ግራሙን እከፍላለሁ። ኮርቻው ዝቅ ሲል ሃርድቴይል ሌላ ብስክሌት ይሆናል።

ፍሬኑ ለምን ይጮሃል?

አዲስ ከሆነ አልተላመደም፦ ሜዳ ላይ ፈጠን ብለው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ ጠንከር አድርገው ይያዙና ይልቀቁት፤ ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ይደጋግሙ። አሮጌ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ዘይት ነክቶት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ካቴና ላይ የተረጨ ዘይት ነው። ዲስኩን በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ። ሸራው ዘይት ከጠጣ ግን ከመቀየር በቀር ብዙ ተስፋ የለውም።

የፍሬን ዘይት አይቀላቀልም። ሺማኖ የማዕድን ዘይት ይጠቀማል፤ ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች ዶት የሚባለውን ፈሳሽ ይጠቀማሉ። አንዱን በሌላው ቦታ መሙላት ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ማሸጊያዎች ያበላሻል። ጎማ አውጥተው ብስክሌቱን መኪና ላይ ሲጭኑ ደግሞ የፍሬን መያዣውን አይጭመቁ፤ ሸራዎቹ ይገጥሙና ዲስኩን ማስገባት መከራ ይሆናል።

ካቴናው መቼ ይቀየር?

ኪሎ ሜትር አይቁጠሩ፤ ይለኩት። 12 ሙሉ አንጓ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ከረዘመ 0.5 ከመቶ ተለጥጧል፤ ያን ጊዜ ከቀየሩት ከእሱ በጣም የሚወደደው ካሴት (የኋላ ማርሾቹ ስብስብ) ይተርፋል። ዘይት ከጨመሩ በኋላ ውጪውን በጨርቅ ጠርገው ያድርቁ፤ የሚሠራው ውስጥ የገባው ነው፣ ውጪ የቀረው አቧራ ይሰበስባል። ሲያጥቡ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ኩሽኔታዎች ላይ አያነጣጥሩ።

ብሎኖችን ምን ያህል ላጥብቅ?

ዕቃው ላይ የተጻፈውን ያህል። መሪ አንገት ላይ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ነው፤ በእጅ ግምት አይገኝም። ካርቦን ላይ ግራሶ አይቀቡ፤ ሻካራ የካርቦን ቅባት አለ፤ ብሎኑ ከልክ በላይ ሳይጠብቅ እንዲይዝ ያደርጋል።

ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?

ፍሬሙን ከላይ እንዳልኩት ይመርምሩ፤ በተለይ ከፔዳሉ ማዞሪያ ሥርና ካቴናው በሚያልፍበት በኩል። የአሞርቲዛተሩን ቱቦዎች በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ዘይት ያፈሳል፣ መጠገኛውም ውድ ነው። የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱ፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ምንነቱን ሳያውቁ አይክፈሉ። የዘመኑ መደበኛ የአክስል ስፋት ኋላ 148፣ ፊት 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ የቆየ ከሆነ ጥሩ ቸርኬ ማግኘት እየከበደ ይሄዳል።

ስወጣ ምን ልያዝ?

ቲዩብለስም ቢሆን አንድ ካላማዳሪያ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የቀዳዳ መድፈኛ ገመድ፣ ካቴና መፍቻ ያለው የቁልፍ ስብስብ፣ ለካቴናው አንድ መጋጠሚያ አንጓ። ከእነዚህ ጋር የኋላ ማርሽ ለዋጩ የሚታሰርባትን ሃንገር የምትባል ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ይጨምሩ። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ፍሬሙን አድና እሷ እንድትሰበር የተሠራች ናት። ክብደቷ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ግን የአንዱ ፍሬም ለሌላው ላይሆን ስለሚችል ብስክሌቱን በገዙበት ቀን አንድ ትርፍ ይግዙ።